የድሮ ሸክላዎች ዳግም ሕትመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ ሸክላዎቻችንና እንደገና ስለሚያሳትሟቸው ሰዎች በጻፍኩ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዱ በአንድ መስመር ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ረጋ ብሎ ማውራት ይፈልጋል። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳግም ሕትመት ሲባል ዘፈኑ እንደ አዲስ ይዘፈናል ማለት ነው?

አይደለም። ያው የድሮው ቅጂ ነው። ማስተሩ (ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ዋናው ቴፕ) ከተገኘ ከማስተሩ፣ ካልተገኘ ደህና ከተያዘ ሸክላ ወይም ካሴት ተቀድቶ፣ ድምፁ ተጠርጎ፣ በሲዲ፣ በሸክላ ወይም በኢንተርኔት እንደገና ይወጣል። ሌላ ዘፋኝ ዘፈኑን ደግሞ ሲጫወተው ያ ሌላ ሥራ ነው።

«ኢትዮፒክስ» የሚባለው ምንድን ነው? ማንስ ጀመረው?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሸክላ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፈረንሳይ ውስጥ ፑዋቲዬ በምትባል ከተማ የሙዚቃ ዝግጅት ያሰናዳ ነበር። በ1984 አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣውን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ አሰማው። ፋልሴቶ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በ1985 ራሱ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» ቤልጅየም ባለው ክራምድ ዲስክስ በኩል ለአውሮፓ ገበያ ቀረበ። ሸክላው መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በካይፋ ሬከርድስ የታተመው በ1975 ነበር።

ተከታታዩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1997 ፓሪስ የሚገኘው ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ሲዲዎቹን ማውጣት ጀመረ። እያንዳንዱ ሲዲ ቁጥር አለው። ቁጥር 4 የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ቁጥር 7 የማሕሙድ፣ ቁጥር 9 የዓለማየሁ እሸቴ፣ ቁጥር 17 የጥላሁን ገሠሠ። ግን በዘመናዊው ዘፈን ብቻ አልቆመም። የዓለሙ አጋ በገና በቁጥር 11፣ የአስናቀች ወርቁ ክራር በቁጥር 16 ወጥተዋል። በዚህ ምርጫ ፋልሴቶን ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ። ለፈረንጅ ጆሮ በቀላሉ የሚሸጠውን ብቻ መርጦ መቅረት ይችል ነበር።

ዓለም በሰፊው ያወቀው ደግሞ በፊልም ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ እንደ «የከርሞ ሰው» ያሉ የሙላቱ ሥራዎች ደጋግመው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ሙላቱን የማያውቅ ሙዚቃ ወዳድ ጠፋ ማለት ይቻላል። በ2006 ደግሞ ጌታቸው መኩሪያ ደ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር አልበም ሠራ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተው ያ ሰው በስተርጅናው ከሮክ ጊታሪስቶች ጋር አውሮፓን ዞረ። ማሕሙድ በ2007 የቢቢሲ ሬዲዮ 3ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ወሰደ።

ፋልሴቶ ሙዚቀኛ ነው?

አይደለም። አዳማጭ፣ አሳታሚና ጸሐፊ ነው። በ2001 ያሳተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ በምስል ያሳያል። ክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ቲያትር ቤቶቹ፣ ክራቫታቸውን ያጠበቁ ወጣት ተጫዋቾች ሁሉ አሉበት።

ራሱ ሙዚቀኛ ሆኖ ስለ ሙዚቃ የጻፈ ሰው ከፈለጋችሁ የእኛው አሸናፊ ከበደ አለ። የዜማ ደራሲ ነው፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ነበር። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ በእንግሊዝኛ ብዙ ጽፏል። ስሙ ከሚገባው በታች ነው የሚነሳው።

እውነት እነዚህ ዘፈኖች ተረስተው ነበር?

በአገር ቤት ማን ረስቷቸው! የጥላሁን ዘፈን ያልተዘፈነበት ሠርግ የለም። ማሕሙድን ታክሲ ውስጥ ሰምተን አድገናል። የፈረንጅ መጽሔት «የጠፋ ሙዚቃ ተገኘ» ብሎ ሲጽፍ ጉዳዩን የሚያየው ከራሱ ደጃፍ ነው።

ግን የጠፋ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም። ዘፋኙን እናስታውሳለን፤ ከጀርባው የተጫወተውን ግን አናውቅም። ዘፈኑን በቃላችን እንለዋለን፤ ማን እንዳቀናበረው፣ በየትኛው ስቱዲዮ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀረጸ ግን አንድ ሰው ጠይቃችሁ መልስ አታገኙም። ብዙ ማስተር ቴፖች የት እንደገቡ አይታወቅም። ካሴት ከካሴት ሲባዛ ሽፋኑ ፎቶኮፒ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሽፋኑም ይቀርና በእስክሪብቶ «ማሕሙድ ቁ. 2» ብቻ ተጽፎበት ይቀራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሸክላዎቹን መጀመሪያ ያሳተመው ማን ነው?

ፋልሴቶን የሚያመሰግን ሰው መጀመሪያ አምሐ እሸቴን ማመስገን አለበት።

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ አዲስ አበባ ውስጥ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው። የውጭ ሸክላ ሲሸጥ ቆይቶ «የራሳችንን ወጣቶች ለምን አላሳትምም?» አለ። አዋጁን አልፎ በ1969 አምሐ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ በአንዱ ገጽ «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው «ያ ታራ»። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቴፑ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ ቤሩት።

እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ሸክላዎችና (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ) 12 አልበሞች አወጣ። ከእሱ ሌላ የዓሊ አብደላ ካይፋ (ብዙው ሰው ዓሊ ታንጎ የሚለው) ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም ያሳትሙ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ በአጠቃላይ ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ሸክላዎችና 30 ገደማ አልበሞች ወጡ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

አምሐ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። ዋሽንግተን ላይ ምግብ ቤትና የምሽት ሙዚቃ ክበብ ከፍቶ ለስደተኛው መሰብሰቢያ ሆነ። ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በ2021 አረፈ።

ታዲያ የሸክላ ሕትመቱ ለምን ቆመ?

ሁለት ነገር ተደራረበበት። ደርግ መጣና የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ ማታ የሚጫወት ባንድ የት ይጫወት? ሙዚቀኛውም ተሰደደ ወይም በየሆቴሉ ተወሰነ። ሁለተኛው ካሴት ነው። ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይባዛል፣ ውጭ አገር መላክ አያስፈልገውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ከገበያ ወጣ።

ከዳግም ሕትመቱ ጋር የሚመጣውን ጽሑፍ ማን ያነበዋል? ዘፈኑ አይበቃም?

አይበቃም። እኔ እንዲያውም ከዳግም ሕትመት ሁሉ ትልቁ ጥቅም ጽሑፉ፣ ማለትም ከሲዲው ወይም ከሸክላው ጋር የሚታተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ባለ 45 ሸክላ በእጃችሁ ያዙ። መሀል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ላይ የአሳታሚው ምልክት አለ፣ የዘፋኙ ስም አለ፣ የዘፈኑ ርእስ አለ፣ ቁጥር አለ። አለቀ። ያንን መግቢያ የነፋው ትራምፔት የማን ነው? ኦርጋኑስ? ዘፈኑን ያቀናበረው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ዝም ይላል።

ግርማ በየነን ውሰዱ። በዚያ ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል። ፒያኖ ይጫወታል፤ ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጻቸው ግን አራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አድማጭ ስሙን አያውቀውም ነበር። እሱም አሜሪካ ሄዶ በስደት ዓመታት ከሙዚቃው ራቀ። የሲዲዎቹ ጽሑፍ ደጋግሞ ስሙን ሲያነሳ ነው ሰው «ይሄ ግርማ ማን ነው?» ማለት የጀመረው። በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ የኢትዮፒክስ ቁጥር 30 ሆኖ። በጽሑፍ የተነሳ ስም ሰውየውን ወደ መድረክ መለሰው።

ጽሑፉ ወደ ኋላም ይወስዳል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ እንዳስቀረጹ ብዙ ሰው ያወቀው በዳግም ሕትመት ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነሐስ ባንዱን እንዴት እንደተከሉ፣ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ስንት ሙዚቀኛ እንዳሠለጠኑ የሚተርከውም ይኸው ጽሑፍ ነው። ይህን አንብባችሁ የጥላሁንን ዘፈን መግቢያ ብትሰሙት ትራምፔቱ ሌላ ይሆንባችኋል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ጽሑፉ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ዘፈኑ አማርኛ፣ ዘፋኙ አማርኛ ተናጋሪ፣ ታሪኩ የአዲስ አበባ፤ የዘፋኙ ጎረቤት ግን ሊያነበው አይችልም። በአማርኛ አራት ገጽ ቢጨመር ወጪው ከባድ አይደለም። ወጣት አሳታሚዎች ይህን እንዲያስተካክሉ በየአጋጣሚው እወተውታለሁ።

ዘፋኙ ገንዘብ ያገኛል?

እንደ አሳታሚው ነው። ትልቁ ችግር መብቱ የማን እንደሆነ ማወቁ ነው። በዚያ ዘመን ዘፋኙ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ቅጂው የአሳታሚው ይሆናል። ከ30 ዓመት በኋላ የውጭ ኩባንያ መጥቶ ከድሮው አሳታሚ ጋር ሲዋዋል ዘፋኙ ከውሉ ውጭ ሊቀር ይችላል። ግጥምና ዜማ የደረሰው ሰውማ ጭራሽ አይታወስም።

የተሻለ መንገድም አለ። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ወጪው ከተነሳ በኋላ ትርፉን ከአርቲስቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ውል ስትፈርሙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ትሰጡኛላችሁ?» አይሁን። «በዓመት ስንቴ ሒሳብ ታሳዩኛላችሁ?» በሉ። ሒሳቡን የማታዩት ፐርሰንት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ኃይሉ መርጊያ ታክሲ ይነዳ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኃይሉ በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ እሱና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን፣ ሁሉንም ራሱ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ። እሱ ግን በኋላ ኑሮውን በታክሲ ያዘ፤ ከዳለስ አየር ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሳል።

ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ የኦሰም ቴፕስ ባለቤት፣ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ስልክ ደወለ። በ2013 ካሴቱ በሸክላና በሲዲ ወጣ፤ የ60 ዓመት አዛውንትነቱን አልፎ ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ጨመረ።

ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኃይሉ በእነዚያ የታክሲ ዓመታት መጫወት አላቆመም። መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይይዝ ነበር። አየር ማረፊያው ጋ ተራ ሲጠብቅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን ያስቀምጥና ሻንጣ ይጭናል። ስልኩ ሲደወል ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በዳግም ሕትመት ነው የታወቁት?

በውጭው ዓለም፣ አዎ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታትሟል፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት የታሰበ ነበር። በ2006 ፒያኖአቸው የኢትዮፒክስ ቁጥር 21 ሆኖ ሲወጣ ግን አድማጩ በየአገሩ ሆነ። እሳቸው በዚያ ጊዜ ኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ ይኖሩ ነበር። እስራኤላዊቷ ፒያኖ ተጫዋች ማያ ዱኒየትስ ከእሳቸው ጋር ተቀምጣ ድርሰቶቻቸውን በኖታ አሰናዳች፤ በ2013 መጽሐፉ ታተመ። ይህ ከሲዲም ይበልጣል። ኖታ ካለ ሌላ ሰው ሊጫወተው ይችላል። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው፣ እዚያው ኢየሩሳሌም አረፉ።

ቸስስ የሚለውን ድምፅ ለምን ጨርሰው አያጠፉትም?

ማጥፋት ይቻላል፤ ግን አብሮ የሚሄድ ነገር አለ። ቸስታው ያለበት የድምፅ ክልል ውስጥ የጸናጽሉ ጫፍ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የክራሩ ጅማት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ አለ። ኮምፒውተሩ ሲጠርግ አይለይም። በጣም የተጠረገ ሙዚቃ ትራስ ተደፍቶበት የሚዘፈን ይመስላል። ጥሩ ባለሙያ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ትልልቅ ድምፅ አንድ በአንድ ያነሳል፤ ቸስታውን በመጠኑ ይተዋል።

ቤታችን የአባቴ ሸክላዎችና ካሴቶች አሉ። ምን ላድርጋቸው?

ለማንም ከመሸጣችሁ በፊት ረጋ በሉ።

ሸክላውን አቁሙት፤ ደራርባችሁ አታስተኙት፣ ይጎብጣል። ፀሐይና ማሞቂያ አጠገብ አይሁን። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ በክቡ መስመር አቅጣጫ ጥረጉ። በጣም የድሮው፣ በ78 ፍጥነት የሚዞረውና ሲወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበረው ዓይነት ከሆነ አልኮል አታስነኩት፤ ያሟሟዋል። መርፌያችሁ ያረጀ ከሆነ ደግሞ አታጫውቱ። ያለቀ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋል፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ አይመለስም።

ካሴት ሲሆን መጀመሪያ የማጫወቻውን ጭንቅላት አጽዱ። ድምፁ የታፈነ ከመሰላችሁ ካሴቱን አትፍረዱበት። ጭንቅላቱ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች፤ በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ በጣም በዝግታ ወዲህ ወዲያ ስታደርጓት ጸናጽሉ ቦግ ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ አቁሙ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ደህናውን ካሴት ይጥላል።

ስትቀዱ በዋቭ ፋይል (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው) ይሁን፤ 24 ቢት ቢሆን ይመረጣል። ኤምፒስሪውን ለጓደኛ ለመላክ ኋላ ታወጡታላችሁ። ቅጂው አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አይቀመጥ። የሸክላውን ሁለቱንም ገጽ፣ ሽፋኑንና የካሴቱን ወረቀት ፎቶ አንሱ። መጨረሻው መስመርና መሀሉ ወረቀት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። በእጅ የተጫረ ቁጥር ታገኛላችሁ። የማተሚያው መለያ ነው፤ ሁለት ቅጂዎች ከአንድ ማስተር መምጣታቸውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከዚያ አባታችሁ ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አጫውቱላቸው፤ ስልካችሁንም ለመቅዳት ክፈቱ። «ይህን የት ገዙት? ባንዱን አይተውት ያውቃሉ? ሳክስፎኑ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ አንድ ስም ይወጣል። ያ ስም የትም አልተጻፈ ይሆናል።

የቀዳሁትን ዩቲዩብ ላይ ብጭነውስ?

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓ.ም. ነው) መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኙና የቅጂው አሳታሚ መብት 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «ሸክላው የድሮ ነው» ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ግጥምና ዜማው ገና ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ደራሲውን ወይም ቤተሰቡን ፈልጋችሁ ጠይቁ።

እኔም የዳግም ሕትመት ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ። ከየት ልነሳ?

በአንድ ሸክላ ወይም በአንድ ካሴት ተነሱ። አሥር አልበም ይዞ የጀመረ ሰው መብቱን ሲያፈላልግ ዓመታት ያልቁበታል።

መጀመሪያ ሰዎቹን አግኙ። ዘፋኙ፣ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ አሳታሚው፣ ወይም ልጆቻቸው። ብዙዎቹ አዲስ አበባ የሉም። ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፣ ሮም ወይም ጅዳ ናቸው። የድሮ ሙዚቀኞችን ጠይቁ፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ስልክም ይለዋወጣሉ። ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ዘፋኙ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን።

ቀጥሎ ድምፁ ነው። ማስተሩ ከጠፋ የአንድን ዘፈን ሦስት አራት ቅጂ ሰብስባችሁ ንጹሑን ምረጡ። ሸክላ የሚያትሙ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ከ300 ወይም ከ500 ቅጂ ጀምሮ ነው የሚቀበሉት፤ ያንን ገንዘብ አስቀድማችሁ አስቡ። በኢንተርኔት ብቻ ማውጣትም ይቻላል፤ ግን የጽሑፉ ቦታ ይጠባል።

ጽሑፉን ለመጨረሻ አታቆዩት። ሰዎቹን ባገኛችሁበት ቀን ቅዱ፣ በማግስቱ ጻፉ። የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ከየመሣሪያው ጋር አስቀምጡ፤ ያልተረጋገጠውን «ይባላል» በሉ። ረቂቁን ለራሳቸው ለሙዚቀኞቹ አንብቡላቸው። «እሱ አይደለም፣ ያን ቀን የተጫወተው እከሌ ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ያኔ አስተካክላችሁ ለማተሚያ ቤት ላኩት።